በዝግባው ዙሪያ ያፈሰስኩት ሊሾ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ሥራዬ ያመጣብኝ አመል ነው እንጂ የሰው ገመና ልመረምር ብዬ አይደለም። ግንበኛ ነኝ። ከግንበኝነት ሥራ ሁሉ ደግሞ የሚቀናኝ ወለል ነው፤ እኔ ባፈሰስኩት ሊሾ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ ቆማ አታድርም። ይህን ስል ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በዚሁ በምኮራበት እጄ ስለሆነ፣ ጉራዬን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

የምንኖረው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው፤ አምስት አባወራ የሚጋራው የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ። ግቢው መሃል አንድ ዝግባ ነበር። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ካልተያያዘ ግንዱን ማቀፍ አይችልም። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። የግቢው ትልቅ ሰው አባባ ሸምሱ እንኳ፣ ከስልጤ አገር ልብስ ሰፊነት ሊማሩ በልጅነታቸው ሲመጡ ዛፉን እንዲሁ ትልቅ ሆኖ እንዳገኙት ነው የሚናገሩት። ቤታቸው ጨለማ ስለነበር የስፌት መኪናቸውን ከዛፉ ጥላ ስር አውጥተው ብዙ ዓመት ሰፍተዋል። ባለቤታቸው ካረፉና ልጃቸው ዘይነባ አግብታ ከወጣች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሥራም ትተው ነበር።

ዛፉን የሚንከባከቡት እሳቸው ናቸው። ሰው ለልብስ ማስጫ ብሎ ምስማር ሲመታበት በጉጠት ይነቅሉና ምስማሩን አቃንተው ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ተቆጥተው አያውቁም። "ይቺ ምስማር ያንተ ትመስለኛለች፣ ጠፍታብህ እንዳይሆን" ነው የሚሉት። እኔም ሁለት ጊዜ ተመልሶልኛል። ውዱ፣ ማለትም የሶላት ትጥበታቸውን፣ የሚያደርጉትም እዚያው ዛፉ ስር ነው። ዝቅ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረቻቸው፤ እሷ ላይ ቁጭ ብለው በማንቆርቆሪያ ይታጠባሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ። ውሃው እዚያው አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩትም። የሚታየኝ ጭቃው ነበር።

አንድ ክረምት ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደቁ። አቅፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ሦስት ሳምንት አነከሱ። እኔ አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። የመጀመሪያ ሱሪዬን ልኬን ወስደው የሰፉልኝ፣ ሽማግሌ ሆነው ሄደው አስቴርን የዳሩኝ እኚሁ ሰው ናቸው። ያን ቀን በልቤ "እኚህ ሰውዬ ሁለተኛ ጭቃ አይረግጡም" አልኩ።

ለአረፋ፣ እንደ አገራቸው ሰው ሁሉ፣ አባባ ሸምሱም አገር ቤት ይገባሉ። በዚያ ዓመት የሄዱበት ሰሞን ከአንድ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ እጄ ላይ ነበር። ጎረቤቱን አስተባበርኩና በአራት ቀን ውስጥ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሊሾ አደረግኩት። ዝናብ ቆሞ እንዳያድር ሁሉንም ወደ ቱቦው አዘነበልኩት። ግንዱ ጋ ስደርስ ክፍተት መተው ሥራ የማያውቅ ሰው ነገር መሰለኝ። ልክ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አንገቱ ላይ ልጥፍ አደረግኩት። አስቴር ማድጋዋን ተሸክማ ስታልፍ ቆም ብላ "ምትኩ፣ ዛፉ በምን ይተነፍሳል?" አለችኝ።

"አፍንጫው ከላይ ነው" ብዬ ሳቅኩባት።

አባባ ሸምሱ ሲመለሱ በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ግቢው በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። በካልሲ ቀስ ብለው እየረገጡ ገቡና ዛፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ቁልቁል አዩ። ወደኔ ዞረው፣

"እጅህ ይባረክ ልጄ" አሉኝ።

የዚያን ቀን ደስታዬን በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሁለተኛው ዓመት የዛፉ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀመረ። ውርጭ ነው ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ሳሳ፤ ተባይ ነው ተባለ። እኔም ከሚሉት ጋር እል ነበር። አባባ ሸምሱ ብቻ ምንም አይሉም። ድንጋይዋን በቤታቸው በኩል ወደ ግንዱ አስጠግተዋት ነበር፤ እንደ ድሮው እሷ ላይ ቁጭ ብለው ይታጠባሉ። ውሃው በኔ ሊሾ ላይ ወርዶ ቱቦ የሚገባ ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ የፈነዳው በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የዕለቱ ዝናብ ገና መጣሉ ነበር። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ የሰው ወገብ የሚያክል ቅርንጫፍ የማዕድ ቤታችንን ቆርቆሮ ሰብሮ ገብቷል። አስቴር ሽንኩርት ልታመጣ ከማዕድ ቤቱ ወጥታ ነበር። ቢላዋዋ ቅርንጫፉ ስር ተጣሞ ተገኘ።

በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ቅርፊቱን በቢላዋ ፋቀው፣ ወደ ላይ አንጋጦ ቆየ። ከዚያ ቀይ ቀለም አወጣና ግንዱ ላይ ምልክት አደረገ።

"ይሄ ዛፍ ሞቷል አባባ" አላቸው።

"አልሞተም" አሉ አባባ ሸምሱ።

"በምን አወቁ?"

"አውቃለሁ።"

"ስሩን ባይ ጥሩ ነበር። ግን በሲሚንቶ ታሽጓል። ለመሆኑ እንዲህ አድርጎ ያሸገው ማነው? ውሃ እኮ ዝር እንዳይልበት ነው የተደረገው።"

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። አስቴር አየችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አባባ ሸምሱ ቀደሙኝ።

"እኔ ወድቄ ስለነበር ነው። ለኔ ተብሎ ነው የተሠራው።"

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። "ሰኞ ጠዋት መጋዝ የያዙ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ሲሚንቶውን አንስታችሁ፣ ዛፉን ከዙሪያው ሁሉ የያዘ ሕይወት ያለው ስር ካሳያችሁኝ፣ ደረቁን ብቻ አስቆርጬ ግንዱን እተወዋለሁ። ካልሆነ ቤት ላይ ይወድቃል። ሰው ይሞታል።"

መዶሻ፣ መሮና ድጅኖ አወጣሁ። የራሴን ሥራ ለማፍረስ ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ቀን ተዘጋጅቼ አላውቅም ነበር። ደግሞ አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ ዘጠኝ ጊዜ መትቼ ነው የመጀመሪያው ስንጥቅ የወጣው። አባባ ሸምሱ እረፉ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ስባሪውን በባልዲ እየለቀሙ ጥግ ያከማቻሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

የመጀመሪያውን ትልቅ ቁራጭ ገልብጬ ከስሩ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ነሐሴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲዘንብ ከርሟል። ግድግዳችን አብጧል፣ አልጋ ልብሳችን እርጥበት ይሸታል። ከሊሾዬ ስር ያለው አፈር ግን አመድ ነበር። አፈስኩት፤ በጣቶቼ መሃል ቦነነ። የዘጋሁት ውሃውን ሁሉ ነበር። ሥራዬ እንከን አልነበረውም።

"አባባ" አልኩ።

"ቀጥል" አሉኝ።

እስከ ማታ ስቆረቁር ዋልኩ። በማዕድ ቤቱ በኩል ያሉት ስሮች ጥቁር ሆነዋል፤ በእጄ ስጨብጣቸው እንደ ከሰል ይፈረካከሳሉ። በመግቢያው በኩልም ያው። አንድ እንኳ እርጥብ አላገኘሁም። እጄ ላይ ውሃ ቋጥሮ ፈረጠ። አስቴር በጨርቅ ስታስርልኝ "ለምን ትስቅብኝ ነበር?" አላለችኝም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የልደታ ደወል እየተሰማኝ ነው መዶሻ ያነሳሁት። የቀረኝ በአባባ ሸምሱ ቤት በኩል ያለው ብቻ ነው። ወደ ድንጋይዋ ስጠጋ ሳልጠብቀው ክንዴን ያዙኝ።

"እዚህ ጋ ይቅር" አሉ።

"እንዴት ይቀራል? ሕይወት ካለው እኮ እዚህ ነው የሚሆነው። ሌላውን ሁሉ አይተነዋል።"

"ይቅር አልኩህ።"

አባባ ሸምሱ "አልኩህ" ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ግራ ገባኝ። ግን ሰኞ ነገ ነው፤ አልሰማኋቸውም። ጎንበስ ብዬ ድንጋይዋን ገፋ አደረግኳት።

ከስሯ ቀዳዳ ነበር። ቡጢዬን ያስገባል። እኔ ካፈሰስኩት ሊሾ መሃል ለመሃል ተቦርቡሮ፣ አፉ ውሃ ስለሄደበት ለስልሷል። ዙሪያውን የመሮ ምልክት አለ፤ ሙያው በሌለው እጅ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ብዙ ቀን የተቆረቆረ ነው። ድንጋይዋ የተቀመጠችው ቀዳዳውን እንድትጋርደው ነበር። እሷ ላይ ቁጭ ብለው ሲታጠቡ ውሃው ወደ ቱቦ አይሄድም ነበር፤ እዚያ ነበር የሚገባው።

እዚያው ተንበረከክኩ።

"ማን ነው ይሄን የቀደደው?" አልኩ። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ከአረፋ በተመለስኩ በሳምንቱ ጀመርኩት። አንተ ሥራ ስትውል፣ ትንሽ ትንሽ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

ከስባሪው ክምር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ምን ብዬ ልንገርህ ምትኩ? አራት ቀን ተንበርክከህ ሠርተህልኝ፣ በሬ ላይ ቆመህ ፊት ፊቴን ታየኛለህ። እንደ ሕፃን ነበር የሆንከው። 'ዛፌን ገደልክብኝ' ልበልህ?"

"አዎ! ይበሉኛ! በዚያው ቀን አነሳው አልነበር?"

"ታነሳው ነበር። አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በበሬ ባለፍክ ቁጥር አንገትህን ትደፋለህ። እሱን ማየት አልፈለግኩም።" ማንቆርቆሪያቸውን ከጎናቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። "ቀዳዳዋ ትበቃዋለች ብዬ ነበር። አምስት ጊዜ ነው የምታጠበው። ከታመመ ወዲህ ስድስትም ሰባትም አደርግ ነበር።"

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። በሳቸው ነው የተናደድኩት። አራት ዓመት ሙሉ በጥፋቴ ላይ እየተመላለስኩ ስኮራ ዝም ብለው አይተውኛል። ዘመድ ሲመጣ "ይቺን የሠራሁት እኔ ነኝ" ስል፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው "እጁ ይባረክ" ይሉ ነበር። ከዚያ ንዴቴ ወረደና እዚያው ተንበርክኬ እንዳለሁ አለቀስኩ። እሳቸው ጭንቅላቴን እያሻሹ "በል ቆፍር፣ በል ቆፍር" ይሉኛል።

ቆፈርኩ። ቀዳዳው ዙሪያ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው። ስር አለ! ፀጉር የሚያህሉ ነጫጭ ስሮች፣ ከነሱ በታች ክንድ የሚያክል ወፍራም፣ ስፍቀው ውስጡ እርጥብና ነጭ የሆነ። ተጨናንቀው፣ ተደራርበው፣ ሁሉም ወደዚያች ቀዳዳ አቅንተዋል። ጮህኩ። አስቴር ሮጣ መጣች። ጎረቤቱ ወጣ። አባባ ሸምሱ "አልሃምዱሊላህ፣ አልሞተም ብያችሁ አልነበር?" እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። ያን ዕለት ግቢያችን የተመረቀ ያህል ደስ ብሎን ዋልን።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ባለሙያው መጣ። እየጎተትኩ ወስጄ አሳየሁት። ቁጢጥ ብሎ ስሩን ፋቀው፣ አፈሩን አሸተተ። ፊቱ በራ። ከዚያ ተነስቶ በማዕድ ቤቱ በኩል ያለውን ጥቁር ስር አየ፣ በመግቢያው በኩል ያለውንም አየ። ግንዱ ላይ እጁን አድርጎ ሲገፋው፣ ከስር አፈሩ ስንጥቅ ሲል ሁላችንም አየነው።

"አባባ፣ እውነትዎን ነው፤ አልሞተም" አለ። "ግን የያዘው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እስከዛሬ ያቆመው ሲሚንቶው ነበር። አሁን እሱም የለም። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመጣ ቤት ላይ ነው የሚወድቀው። አዝናለሁ።"

ሊከራከር የቃጣ አልነበረም። የአስቴርን ቢላዋ ሁላችንም አይተናል።

አባባ ሸምሱ ባለ መጋዞቹን "አንዴ ታገሱኝ" አሏቸው። ድንጋይዋን ወደ ቦታዋ መለሷት። ቁጭ ብለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ረጋ ብለው ታጠቡ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን ውሃ ስሩ ላይ አፈሰሱትና ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ሰዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የጠበቋቸው።

መጋዙ ሲነሳ ከድምፁ ስር ሌላ ድምፅ የሚሰማኝ መሰለኝ። ወደ ቤታቸው ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ይመታሉ። መርፌው ስር ጨርቅ አልነበረም። ዛፉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ባዶውን ሲሰፉ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ፀሐይ በዛበት። ቆርቆሮው ቀን ቀን ይግላል። ኅዳር ላይ ዘይነባ መጥታ እሷ ወዳለችበት ኮንዶሚኒየም ወሰደቻቸው፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ስንሸኛቸው ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው ያዙት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያረጀ ዛፍ ካለ እባካችሁ እስከ አንገቱ አታሽጉት። እኔ ዛሬ ዛፍ ያለበት ግቢ ስሠራ ዙሪያውን ሰፊ አፈር እተዋለሁ፤ አሠሪው ቢቆጣም እተዋለሁ። ይሄ ቀላሉ ነው። የከበደኝ ሌላው ነው። የሰውን መልካምነት ላለማስቀየም ብለን የምንውጠው ነገር አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ ይህን መዋጥ ጨዋነት ነው። አባባ ሸምሱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው የሚበልጥ ጨዋ አላየሁም። ግን ያን ቀን በራቸው ላይ ቢሰድቡኝ ኖሮ ዛፉ ዛሬም ይኖር ነበር። እኔም ብጠይቃቸው ኖሮ። ለሳቸው ብዬ የሠራሁትን ነገር እሳቸውን አልጠየቅኩም እኮ። ከዚያ ወዲህ ሰው "እጅህ ይባረክ" ሲለኝ ደስታው የለም፤ መሬት መሬት አያለሁ።

ተምሬያለሁ ልላችሁ ነበር። ግን አልዋሽም።

ዛፉ ሲቆረጥ አንድ ጉማጅ አስቀርቼ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለማውቀው አናጢ ሰጠሁትና ዝቅ ያለች በርጩማ ሠራልኝ፤ በድንጋይዋ ልክ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውዱ ሲያደርጉ የሚቀመጡበት የላቸውም ብዬ አሰብኩ። በጋዜጣ ጠቅልዬ አንድ እሑድ ይዤላቸው ሄድኩ። ዘይነባ በር ከፈተችልኝ። እሳቸው መስኮት ጋ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ጋዜጣውን ፈታሁና እግራቸው ስር አስቀመጥኩት።

"ከዝግባው ነው አባባ" አልኩ።

ዝቅ ብለው አዩት። እጃቸውን አሳረፉበት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አሁንም ሳልጠይቃቸው ነው ያደረግኩት።

"እጅህ ይባ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ።

ዘይነባ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

"ምትኩ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"እሱ ላይ መቀመጥ አልችልም ልጄ። ውሰድልኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። እንደፈሩት ነው የሆነው። እሳቸው ግን አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉና "በሚመጣው እሑድም ትመጣለህ?" አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው።

አራቱን ፎቅ በርጩማውን ታቅፌ ወረድኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር፣ አባባ ሸምሱ የሚያስከፋኝን እውነት ሲነግሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።